የአባቴ ሽኝትና የቱቦው ርዝመት

ባለፈው ወር አንድ ሰው ከአርጆ መጥቶ የአባቴን የኦክስጅን ማሽን ወሰደ። እናቱ ሆስፒታል ሰንብታ ስትወጣ ቤቷ ሆና ኦክስጅን እንድታገኝ ታዝዞላት ነው። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ባጃጅ ላይ ጫንነው። እንዴት እንደሚበራ፣ ማጣሪያው በየሳምንቱ እንደሚታጠብ፣ ከምድጃና ከሻማ መራቅ እንዳለበት ነገርኩት። ከዚያ ልሸኘው ወጣሁ። "ይበቃል፣ ግቢ እንግዲህ" ይለኛል፤ እኔ እቴ! ከባጃጁ ጎን ጎን እየተራመድኩ ከወፍጮ ቤቱ በታች እስካለችው ትንሽ ድልድይ ድረስ ሄድኩ። ሹፌሩ በእኔ እርምጃ ልክ ለመንዳት መከራውን ያይ ነበር። ምን እያደረግኩ እንደሆነ የገባኝ ድልድዩ ላይ ስቆም ነው።

ይህን አመል የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ እንግዳ መሸኘት አይችልበትም ነበር፤ ማለቴ፣ መሸኘት ማቆም አይችልበትም። ሌላ ሰው እንግዳውን እስከ በር ያደርሳል፤ ከበዛም እስከ አጥሩ ጥግ። አባቴ ግን ኮቱን ደርቦ ይወጣል። በሩ ላይ "ግባ በቃ" ሲሉት "ትንሽ ልራመድ" ይላል። አጥሩ ጋ ሲደርሱ አንድ ወሬ ይጀምራል፤ ወሬውን ሳይጨርስ ደግሞ መመለስ ነውር ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ እንግዳውን ቤቱ አድርሶት የሚመለስበት ቀን ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች "አንተን የሚጠይቅ ሰው እኮ ምን ጊዜም ብቻውን አይገባም፤ አንተኑ ይዞ ነው የሚገባው" ትለው ነበር።

በዚህ ነገር የሚስተካከለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጓደኛው መምህሩ። አባቴ፣ አያቴ ከጎጃም መጥቶ የተከለውን ወፍጮ ወርሶ፣ ነቀምቴ ላይ ዕድሜ ልኩን ሲፈጭ የኖረ ሰው ነው። መምህሩ የወለጋ ሰው ናቸው፤ ወጣት ሳሉ አርጆ አስተምረው በኋላ ወደ ከተማችን ተዛወሩ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲስም ያደገ፣ እሳቸው በወንጌል አማኝ ቤት ውስጥ መዝሙር እየዘመሩ ያደጉ። አባቴ በጾም ቀን ሽሮውን ሲበላ መምህሩ ቅቤ ያለው ነገር ካልቀረበልኝ ብለው ያሾፉበታል። እኔ ወሲላ ነው የምላቸው፣ አጎቴ ማለቴ ነው። እሳቸው እኔን "ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ እንደ ማለት። አባቴን የሚጠሩት ደግሞ "አባ ባቡራ" ብለው ነው፤ የወፍጮው ጌታ ማለት ነው። አባቴ እሳቸውን መምህር ከማለት ሌላ ብሎ አያውቅም።

እሁድ ከሰዓት፣ ሁለቱም ከየቤተ ክርስቲያናቸው ተመልሰው ምሳ ከበሉ በኋላ፣ መምህሩ እኛ ቤት ይመጣሉ። ቤታቸው ከትንሿ ድልድይ ማዶ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ሻይ ይጠጣል፣ ይወራል፣ ይሳቃል። መምህሩ ሲነሱ አባቴም ይነሳል፤ ያን ጊዜ አማርኛውን ትቶ በመምህሩ ቋንቋ "ሲን ገጌሳ" ይላል። ልሸኝህ ማለቱ ነው። እየተጫወቱ ድልድዩን ተሻግረው መምህሩ በር ላይ ይደርሳሉ። መምህሩ ታዲያ አባቴን ብቻውን አይለቁትም። "ሲን ዴቢሳ" ይላሉ። ልመልስህ ነው። ተያይዘው ወደ እኛ ቤት ይመለሳሉ። እኛ በር ላይ ሲደርሱ አባቴ በተራው "ሲን ገጌሳ።" እኔ ከኋላቸው እከተላለሁ። እግሬ ዝሎ፣ ጫማዬን እየጎተትኩ፣ እነዚህ ሰዎች ጤነኛ ናቸው ወይ እያልኩ።

በመጨረሻ የሚላቀቁት ድልድዩ ላይ ነው። ድልድዩ የሁለቱ ቤት እኩሌታ ስለሆነ እዚያ ላይ ማንም ማንንም አልሸኘም፣ ማንም ማንንም አልመለሰም። ተጨባብጠው ይለያያሉ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለ፤ እያንዳንዱ ሌላው ከመታጠፊያው እስኪሰወር ዞር ዞር እያለ እጁን ያነሳል። አባቴ ስንት ጊዜ እንደሚዞር እቆጥር ነበር። አንድ ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ዞሯል።

ልጅ ሳለሁ ይሄ ሁሉ ምልልስ ሞኝነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን በቤታችን ትልልቅ ነገር ሁሉ የተወራው ሽኝት ላይ ነው። ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚያወሩት ስለ ዝናብና ስለ ሰው ነበር። ቁም ነገሩ የሚመጣው እግር መራመድ ሲጀምር ነው። መምህሩ እኔ አስተማሪ እንድሆን አባቴን ያግባቡት እየሄዱ ነው። እናቴ በታመመች ጊዜ ሐኪሙ ያለውን አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተናገረው ድልድዩ ላይ ነው፤ መምህሩ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ሲሰሙት አስታውሳለሁ። ፊት ለፊት ተያይቶ የማይወራ ነገር ጎን ለጎን ሲሄዱ ይወጣል። የዚያን ዘመን እሁድ ሁሉ መልሼ ባገኘው እወዳለሁ፤ እግሬ እየዛለም ቢሆን።

አባቴን የጣለው ሳንባው ነው። ወፍጮ ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ዱቄቱ ቅንድብ ላይ፣ ሽፋሽፍት ላይ፣ አንገት ላይ ይቀመጣል። የሞተሩ ጭስ ከዱቄቱ ጋር ተቀላቅሎ ቤቱን ይሞላዋል። አባቴ ሲስል "የወፍጮ ሳል ነው" ይላል፤ እኛም አሜን ብለን ተቀበልነው። ወፍጮውን ለሌላ ሰው አከራይቶ ቤት ከተቀመጠ በኋላ ነው ሳሉ የባሰበት። ከወንበሩ ተነስቶ ጓዳ ሲደርስ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ኮቱን ለመልበስ ሁለት ጊዜ ማረፍ ጀመረ።

ሆስፒታል ያየችው ሐኪም ልጅ እግር ናት፤ ጣቱ ላይ ትንሿን የኦክስጅን መለኪያ ሰካችለትና ቁጥሩን አሳየችን። ሰማንያ አምስት ይላል። ሌላ ቀን ደግማ ለካችው፤ ያው ነው። "ችግሩ ትንፋሽ ማጠሩ ብቻ አይደለም" አለችን። "ብዙ ሰው ትንፋሹ እያጠረውም ኦክስጅን አያስፈልገውም። የአባታችሁ ግን ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቁጭ ብለው እንኳ ዝቅ ያለ ነው። እንዲህ ሲሰነብት ልብም ይደክማል።" በቀን ቢያንስ አሥራ አምስት ሰዓት፣ እንቅልፍን ጨምሮ፣ ቱቦው አፍንጫው ላይ እንዲሆን አዘዘችለት። መጠኑን በገዛ እጃችን ከፍ እንዳናደርግ አስጠነቀቀችን። አባቴ ፊቱ ሲጠቁር አይታ "አባባ፣ ይሄ እኮ እንደ መነጽር ነው" አለችው። "ዓይን ሲደክም መነጽር ይደረጋል አይደል?"

አባቴ እዚያ "እሺ ልጄ" አላት። ባጃጁ ውስጥ ስንገባ ግን "መነጽር ያደረገ ሰው ሲለቀስለት አይቼ አላውቅም" አለኝ።

እውነቱን ነው። እኛ ሰፈር ኦክስጅን የሚታወቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ሆስፒታል የተኛ ሰው ኦክስጅን ተደረገለት ከተባለ ዘመድ ይጠራል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይወጣሉ። እቤቱ ተቀምጦ፣ ሻይ እየጠጣ፣ ሬዲዮ እየሰማ ኦክስጅን የሚወስድ ሰው አይተው አያውቁም። አባቴ የፈራው ሞትን አይመስለኝም። የፈራው እያለ መለቀስን ነው።

ማሽኑን ከአዲስ አበባ አስመጣን። መብራት ሲጠፋ መጠባበቂያ እንዲሆነን አንድ ሲሊንደርም አገኘን፤ እሱን ማስሞላት ግን ቀላል ስላልሆነ ለክፉ ቀን ብቻ ነው። ማሽኑ ይጮሃል በሚል ሰበብ አባቴ መኝታ ቤት እንዲቀመጥ አደረገ፤ ቱቦው በመጋረጃው ስር አልፎ ሳሎን ወንበሩ ድረስ ይመጣል። ሰበብ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ደጅ ላይ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ሲሰማ ቱቦውን ከአፍንጫው መንጭቆ ጋቢው ስር ይከተዋል። መኝታ ቤት የሚያጉረመርመውን ነገር ለሚጠይቁት ደግሞ "ፍሪጅ ነው" ይላል።

ፍሪጅ የለንም። ወሬው ግን ሰፈሩን አዳረሰ። የጎረቤታችን ሴትዮ ለፋሲካ የገዛችውን ሥጋ በፌስታል ይዛ መጣችና "እስከ ነገ ፍሪጃችሁ ውስጥ አስቀምጡልኝ" አለችኝ። ምን ልበላት? "ተበላሽቷል" አልኳት። እሷ ጆሮዋን ወደ መጋረጃው አድርጋ "ይሰራል እኮ፣ ሲሰራ ይሰማኛል" ትለኛለች። ሥጋዋን ይዛ በቅሬታ ሄደች። ፍሪጅ አገኙና ሰው ረሱ ሳትለን አልቀረችም። አባቴ ጋቢው ውስጥ ተቀብሮ እስኪያስለው ይስቅ ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም። በአባቴ ላይ ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ "በዚህ ዓይነት አንተን የሚገድልህ ሳንባህ አይደለም፣ ይሉኝታህ ነው" አልኩት። ኧረ ተይኝ አለኝ።

ያን ጊዜ የማስተምረው ኡኬ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበር፤ ጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ። በመካከሉ አባቴ ብቻውን ነው። አንድ የክረምት መግቢያ ቀን ከኡኬ ስመለስ ደጃችን ላይ የጭቃ ጫማ ተደርድሯል። የእድሩ ሴቶች ሊጠይቁት መጥተዋል፤ መምህሩም አሉ። አባቴ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ፈገግ ብሏል። አፍንጫው ላይ ምንም የለም። ከንፈሩን አየሁት፤ በልዟል፣ ሰማያዊ ወደ ጥቁር የሚወስደው።

"አባዬ፣ የመድኃኒትህ ሰዓት ደርሷል" አልኩት፤ ወደ መኝታ ቤት በዓይኔ እየጠቆምኩ።

"እንግዳ ቁጭ ብሎ? ይደርሳል" አለኝ።

ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደተቀመጡ ጠየቅኩ። ከምሳ በኋላ ጀምሮ። እኛ ዘንድ ታማሚ ጠይቆ ቶሎ መነሳት ንቀት ነው፤ ስለዚህ አይነሱም። ሊነሱ ሲሉ ደግሞ አባቴ "ምን አስቸኮላችሁ፣ ሳትቀምሱ?" ይላል፤ ስለዚህ ይቀመጣሉ። እነሱም እሱን እያከበሩ እሱም እነሱን እያከበረ፣ ተከባብረው ሊገድሉት ነው። በሁሉም ፊት ቱቦውን አምጥቼ ልሰካለት አሰብኩ። ዓይኑ ግን ለመነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴ በዓይኑ ሲለምነኝ አይቼ ስለማላውቅ አልቻልኩም። ይህ ድካሜ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በመጨረሻ ተመርቆ፣ ተጸልዮ ተነሱ። እሱም ተነሳ። "አትነሳ፣ በእግዜር!" አሉት። "ኧረ እስከ በር ብቻ" አለ። ሴቶቹ ቀድመው ወጡና ከአጥሩ አለፉ። መምህሩ ኋላ ቀሩ፤ አባቴ እሳቸውን ተከትሎ በረንዳውን አለፈ፣ አንደኛውን ደረጃ ወረደ። "ሲን ገ…" አለ። ቃሉን አልጨረሰውም። ጉልበቱ ከዳውና እንደ ባዶ ጆንያ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወደ ጎን ተዘረጋ።

መምህሩ እንዴት እንደተሸከሙት አላውቅም፤ እሳቸውም እኮ ሽማግሌ ናቸው። እኔ እግሩን፣ እሳቸው ብብቱን ይዘን አስገባነው። ቱቦውን ከወንበሩ ላይ፣ ከጋቢው ስር መዝዤ አፍንጫው ላይ አደረግኩለት። የገዛነውን መለኪያ ጣቱ ላይ ሰካሁት፤ ሰባ አራት። እየጮህኩ ነበር መሰለኝ። ሰባ ዘጠኝ። ሰማንያ ሦስት። ሰማንያ ዘጠኝ ሲል አባቴ ዓይኑን ገለጠ።

መምህሩ መሬት ላይ ተንበርክከው ቱቦውን በዓይናቸው ይከተሉታል፤ ከአፍንጫው እስከ መጋረጃው፣ ከመጋረጃው ስር ወደሚያጉረመርመው ክፍል። ፍሪጁ ገባቸው። "ነራ ዾክሲቴ?" አሉት። ከእኔ ደበቅከው ወይ ማለታቸው ነው። አማርኛ ሊያወሩት እንኳ አልፈለጉም። ከእነዚያ ሁሉ እሁዶች በኋላ፣ የእናቴን ነገር እንኳ ድልድዩ ላይ ከነገራቸው በኋላ፣ ይህን መደበቁ ልባቸውን ሰበረው። ኮፍያቸውን ሳያነሱ ወጥተው ሄዱ። የሸኛቸው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ አባቴን ሆስፒታል አሳየሁት፤ እግዜር ይመስገን የከፋ ነገር አልተገኘበትም። ነርሷ ረዘም ያለ ቱቦ መጠቀም እንደምንችል፣ ግን ከልክ በላይ እንዳናስረዝመው ነገረችኝ። ቱቦውን እንዳደረገ ቤት ውስጥ መራመዱ ደግሞ ጥሩ ነው አለች። ረጅሙን ቱቦ ገዝቼ ለካሁት፤ ከመኝታ ቤት ተነስቶ፣ ሳሎንን አቋርጦ፣ በረንዳው ጫፍ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ደረጃው፣ የዘይቱኑ ዛፍ፣ አጥሩ አለ። እዚያ አይደርስም።

መምህሩ አንድ እሁድ ቀሩ። በሚቀጥለው እሁድ ከሰዓት በሩ ላይ ድምፃቸው ተሰማ። የአባቴ እጅ ወደ አፍንጫው ሄደ።

"ካወለቅከው ከዚሁ እመለሳለሁ" አሉ መምህሩ ከውጭ ሆነው። "እምላለሁ፣ አባ ባቡራ፣ አልገባም።"

እጁ አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጭኑ ላይ አረፈ። መምህሩ ገቡና ቦታቸው ላይ ተቀምጠው፣ የትላንት ወሬያቸውን እንደሚቀጥሉ ሁሉ፣ ስለ ዝናቡ ጀመሩ። ስለ ቱቦው አንድ ቃል አላሉም። ሲነሱ አባቴም ተነሳ። አብረው በዝግታ ሄዱ፤ ቱቦው ከኋላቸው ሲሚንቶው ላይ ይሳባል። በረንዳው ጫፍ ላይ ቱቦው ተወጠረ። አባቴ ቆመ፣ አንገቱን ደፋ። ከዚህ በኋላ እንደ ልጅ ከበረንዳ ላይ እጁን ሊያወዛውዝ ነው።

መምህሩ አንዷን ደረጃ ወርደው የነበሩት ተመለሱ። ክንዱን ያዙትና "ሲን ዴቢሳ" አሉት። እስከ ወንበሩ መለሱት። አባቴ ወንበሩ ጋ ሲደርስ ገባው። ፊቱ ሲበራ አየሁት። አልተቀመጠም። "ሲን ገጌሳ" አለ። በረንዳው ድረስ። "ሲን ዴቢሳ።" ወንበሩ ድረስ። እኔ ጓዳ በር ላይ ቆሜ ምን እንደምሆን አላውቅም፤ እስቅም አለቅስም ነበር። በመጨረሻ ሳሎኑ መሃል፣ ከጠረጴዛው አጠገብ ተጨባብጠው ተለያዩ። ድልድዩን ወደዚያ አመጡት።

ከዚያ ወዲያ እሁድ ሁሉ እንዲሁ ሆነ። "ማራቶናችሁ" እያልኩ አሾፍባቸው ነበር። ቱቦው እንዳያደናቅፋቸው መምህሩ በእጃቸው አንጠልጥለው ይከተሉታል፤ የሙሽራ ቀሚስ እንደሚይዝ ሚዜ ነው የሚመስሉት። ቁም ነገሩም ተመለሰ። ስለ እናቴ፣ ስለ ወፍጮው፣ ስለ መምህሩ ልጆች ከወንበር እስከ በረንዳ፣ ከበረንዳ እስከ ወንበር ይወራ ጀመር። ደስ የሚል ዘመን ነበር፤ ሳንባው በታመመበት በዚያ ጊዜ ደስ የሚል ዘመን ነበረን።

ለሌላ ሰው ግን አባቴ አልተሸነፈም። ሌላ እንግዳ ሲመጣ ቱቦው ያው ጋቢ ስር ነው። መምህሩም ተባባሪ ሆኑ። ቀደም ብለው ይመጡና የእድሩ ሰዎች ትንሽ ተቀምጠው እንደቆዩ ብድግ ብለው "እንሂድ፣ ሰውዬው ይረፍ!" ይላሉ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ትእዛዝ ሲሰጥ ማን ይቀመጣል? ሰው ሁሉ ይወጣል። እሳቸው ግን አጥሩን ዞረው ይመለሳሉ።

መምህሩ የሞቱት ማክሰኞ ቀን ነው፤ ምሳ በልተው ጋደም እንዳሉ። ልባቸው ነው አሉ። እሁድ እኛ ቤት ነበሩ። ጤነኛው እሳቸው ነበሩ። ሁላችንም ስንጠብቅ የነበረው የአባቴን ነው፣ እውነቱን ለመናገር። አባቴ ሲነገረው አላለቀሰም። በረንዳውን አየና "ቀብሩ መቼ ነው?" አለ።

"ነገ፣ ስምንት ሰዓት።"

"ኮቴን ቦርሽልኝ።"

አይሆንም አልኩት። ማሽኑ መብራት ይፈልጋል፣ መካነ መቃብሩ ሩቅ ነው። ያለ ቱቦው እሄዳለሁ አለኝ። ጮህኩበት፤ ያን ቀን ደረጃው ላይ እንዴት እንደወደቀ፣ ከንፈሩ ምን እንደመሰለ፣ ሁለት ቀብር በአንድ ቀን እንደማልችል ነገርኩት። ያለሁት ሁሉ ልክ ነበር፤ አነጋገሬ ግን ልክ አልነበረም። አባቴ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

"ያለሱ እስከ የት እደርሳለሁ?" አለኝ በመጨረሻ። ትልቅ ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው ሳይሆን፣ ስለ መንገድ እንደሚጠይቅ።

"እስከ አጥሩ አትደርስም።"

"ከእሱ ጋርስ?"

ሲሊንደሩን አየሁት። የመለኪያው መርፌ ከግማሽ ዝቅ ብሏል። እሱን ካወጣን፣ መብራት ቢጠፋ ምንም የለንም። "እስከ መጨረሻው ትደርሳለህ" አልኩት።

"እንግዲያው አምጭው" አለ።

"ሰው ሁሉ ነው የሚያይህ፣ አባዬ።"

"ይየኝ።"

በማግስቱ ባጃጅ ጠራሁ። ሲሊንደሩን ከአባቴ ጎን አቁመን በነጠላዬ ከወንበሩ ጋር አሰርኩት። ሹፌሩን "አደራ፣ ሲጋራ እንዳታጨስ" ስለው "እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ምን ነካሽ!" ብሎ ተቆጣኝ። አባቴ ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ቱቦው አፍንጫው ላይ፣ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ድልድዩን ተሻግረን መምህሩ ቤት ደረስን። ግቢው ሞልቷል። የእድሩ ሴቶች በሙሉ አሉ፣ ተማሪዎቻቸው አሉ፣ መዘምራኑ በኦሮምኛ ይዘምራሉ። ሰው ሁሉ ወደ ባጃጁ ዞረ። አንዳንዷ አፏን በእጇ ያዘች። አባቴ ለሁሉም አንገቱን ጎንበስ እያደረገ ሰላምታ ሰጠ። እጁ አንድ ጊዜ ወደ አፍንጫው ሄደ። ቱቦውን አስተካክሎ እጁን መለሰ።

ጎረቤታችን መጥታ አጠገቤ ቆመች። ቱቦውን አየች፣ ሲሊንደሩን አየች፣ እኔን አየች። "ፍሪጁ ይሄ ነበር?" አለችኝ ቀስ ብላ። ራሴን ነቀነቅኩ። "ውይ፣ እኔን! እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ አማኋችሁ" ብላ አለቀሰች።

አስከሬኑ ሲወጣ አባቴ ሹፌሩን "ከኋላው ተከተል፣ በሰው እግር ሂድ" አለው። ባጃጁ በሰው እርምጃ ልክ ሄደ። እኔ ልጅ ሆኜ እንደማደርገው ከጎኑ ተከተልኩ። ዓይኔ የሲሊንደሩ መርፌ ላይ ነው፤ በየመንገዱ ዝቅ ይላል። መካነ መቃብሩ ላይ አባቴ ከባጃጁ አልወረደም፤ ከአፈሩ አጠገብ አቆሙለት። ሁሉ ነገር እስኪያልቅ፣ የመጨረሻው ሰው አፈር ጥሎ እስኪመለስ ጠበቀ። "አባዬ፣ ሊያልቅ ነው" አልኩት። "ይደርሳል" አለኝ። ከዚያ ወደ አፈሩ እያየ፣ ለእኔ ሳይሆን፣ "ሲን ገጌሳ ብዬህ ነበር" አለ። ያን ጊዜ አለቀሰ። እያለቀሰ ትንፋሹ እንዳያጥረው በአፍንጫው ሳብ፣ በአፉ ለቀቅ እያደረገ፣ ነርሷ እንዳስተማረችው።

ስንመለስ ባጃጁ ቶሎ ቶሎ ሄደ፤ እኔም ሲሊንደሩን አቅፌ ከኋላ ገብቻለሁ። ትንሿ ድልድይ ላይ ስንደርስ አባቴ የሹፌሩን ትከሻ ነካ። "አቁምልኝ" አለው።

ቆምን። አባቴ ወደ ማዶ፣ ወደ መምህሩ ዳገት ዞረ። እጁን አነሳ። መታጠፊያው ላይ ማንም የለም። እጁን እንዳነሳ ቆየ፤ አንድ ሰው ከመታጠፊያው ለመሰወር የሚፈጅበትን ያህል ጊዜ። መርፌው ቀዩ ውስጥ ገብቷል፤ ግን እንሂድ ማለት አልቻልኩም። እጁን አወረደና ዞሮ አየኝ። ክንዱን ወደ እኔ ዘረጋ።

"በይ እንግዲህ" አለኝ፣ "አንች መልሽኝ።"